የሚቻለውና የሚሆነው
ስለ ካታሊስትና ኢንዛይም ለጠቅላላ አድማጭ የቀረበ ንግግር



በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀጣጣይ ነው። የተቀመጣችሁበት እንጨት፣ የለበሳችሁት ጥጥ፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት፣ የእኛም ገላ ጭምር። በዙሪያችን ካለው አየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው። እንጨትና ኦክስጅን ተዋሕደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ቢሆኑ ኃይል ለቀው ወደ ረጋ ሁኔታ ይወርዳሉ። የኬሚስትሪ ሕግ ይህን ለውጥ ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። ወንበሩ ግን መቶ ዓመት ወንበር ሆኖ ይኖራል። ሕጉ አልተሻረም፤ ለውጡም አልተከለከለም። ዝም ብሎ አይሆንም።

ዛሬ የምናገረው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። አንድ ለውጥ «ይቻላል» ማለትና «ይሆናል» ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን የሚወስነው የኃይል ሕግ ነው፤ እሱን የሚያልፍ የለም። ሁለተኛውን የሚወስነው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ፍጥነትን ከሚለውጡት ነገሮች ዋነኞቹ ካታሊስቶች ናቸው፤ በሕያዋን አካል ውስጥ የሚገኙት ካታሊስቶች ኢንዛይሞች ይባላሉ። በትምህርት ቤት «ካታሊስት ለውጥን ያፋጥናል» ተብለን ተምረናል። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ብዙ ነገር መሆን በሚችልበት ቦታ አንዱን አፍጥኖ ሌላውን ባለበት መተው፣ በውጤቱ መምረጥ ነው። ሕይወትም ኢንዱስትሪም የቆሙት በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

ዳገቱ

ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ። ይሁን እንጂ የተጋጨ ሁሉ አይለወጥም። አዲስ ትስስር ከመፈጠሩ በፊት አሮጌው መላላት አለበት፤ ማላላት ደግሞ ኃይል ይጠይቃል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን በቀመር አስቀመጠው፤ ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። እሱ እንዳሳየው፣ ለውጡ የሚሳካው ከተወሰነ የኃይል መጠን በላይ ይዘው ለሚጋጩት ሞለኪውሎች ብቻ ነው። ያንን መጠን የማስነሻ ኃይል እንበለው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የተጓዘ ሰው ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ቆላ ናት። ጉዞው በጠቅላላ ቁልቁለት ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጣርማ በር መውጣት ግድ ነው። እዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተበሳ ዋሻ አለ፤ መኪናው ተራራውን በአናቱ ሳይሆን በሆዱ ያልፋል። ዋሻው ደብረ ብርሃንን ከፍ፣ ሸዋ ሮቢትንም ዝቅ አላደረገም። የቀነሰው በመካከል ያለውን ዳገት ነው። መኪናውንም አይገፋም፤ ሌላ መንገድ ከፈተለት እንጂ። ደግሞም ለሚወርደው እንደሚያገለግል ሁሉ ለሚመለሰው ያገለግላል። ስለ ካታሊስት ማወቅ ያለብን መሠረታዊ ነገር በሙሉ እዚህ አለ፦ መነሻና መድረሻን አይነካም፣ ዳገቱን ያሳንሳል፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ጉዞ እኩል ያፋጥናል።

ዳገትን ለመወጣት ሌላም ዘዴ አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። ለብዙ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙቀት ግን አይመርጥም። የምንፈልገውን ለውጥ ሲያፋጥን የማንፈልገውንም ያፋጥናል፤ ወጡን ሲያበስል ሽንኩርቱን ያሳርራል። የሰው አካል ደግሞ ከ37 ዲግሪ ብዙ ርቆ መሄድ አይችልም።

የዳገቱ መቀነስ የሚያመጣው ውጤት ከምንገምተው በላይ ነው። በክፍል ሙቀት የማስነሻው ኃይል በአንድ ሞል 5.7 ኪሎጁል በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ያድጋል። በ11.4 ቢቀንስ መቶ እጥፍ፣ በ17.1 ቢቀንስ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የምንገዛው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወደ ውሃና ኦክስጅን ለመበተን 75 ኪሎጁል ገደማ ዳገት አለበት፤ ለዚህ ነው በጠርሙሱ ውስጥ ለወራት የሚቆየው። ፕላቲነም ሲነካው ዳገቱ ወደ 50 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ እኩል ነው ብንል፣ ይህ የ25 ኪሎጁል ልዩነት ብቻውን ከ20,000 እጥፍ በላይ ፍጥነት ማለት ነው።

የፕላቲነም ሥራ

በ1823 በጀርመን አገር በዬና ከተማ ያስተምር የነበረው ዮሐን ዶበራይነር፣ የሃይድሮጅን ጋዝ በአየር ውስጥ አልፎ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ፕላቲነም ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ፕላቲነሙ ግሎ ቀላ፤ ጋዙም ተቀጣጠለ። በጭረት የሚለኮስ ክብሪት ገና አልተፈለሰፈም ነበርና ዘዴው ወዲያው የቤት እሳት መለኮሻ ሆነ። ሃይድሮጅኑ ያልቃል፤ ፕላቲነሙ ግን እንዳለ አለ። ከዚያ በፊት በ1811 ገደማ በሴንት ፒተርስበርግ ኪርሆፍ የተባለ ኬሚስት ስታርችን በቀላል አሲድ ቀቅሎ ስኳር አውጥቶ ነበር፤ አሲዱም አላለቀም። በ1835 ስዊድናዊው ያንስ ያኮብ በርሴሊየስ እነዚህንና ሌሎች የተበታተኑ ምልከታዎችን ሰብስቦ፣ ከበስተጀርባቸው አንድ ዓይነት አሠራር እንዳለ ተናገረና የካታሊስትን ስያሜ ሰጠ። ነገሩን ከፍጥነት ጋር አያይዞ የተነተነው ግን ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው፤ በ1909 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

«ካታሊስት ሳይለወጥ ይቀራል» ስለሚባል ብዙ ሰው ዳር ቆሞ የሚመለከት ይመስለዋል። እንዲያውም በለውጡ መካከል የሚገባው እሱ ነው። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ፕላቲነም ላይ ሲያርፍ ሁለቱ አቶሞቹ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ኦክስጅንም እንዲሁ ይሆናል። የተለያዩት አቶሞች በብረቱ ገጽ ላይ ተገናኝተው ውሃ ይሆኑና ይነሳሉ፤ ቦታው ለቀጣዩ ይለቀቃል። ካታሊስቱ ተሳትፎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህም ጥቂቱ ለብዙ ይበቃል። የገጽ ስፋትም ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዶበራይነር ፕላቲነም ስፖንጅ መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም።

ፈረንሳዊው ፖል ሳባትዬ፣ የ1912 የኖቤል ተሸላሚ፣ አንድ ጠቃሚ መመዘኛ አስተውሏል። ካታሊስት ሞለኪውሉን በጣም አላልቶ ከያዘው ትስስሩን አይፈታውም፤ በጣም አጥብቆ ከያዘው ደግሞ አይለቀውም፤ ቦታው ተይዞ ሥራው ይቆማል። ጥሩ ካታሊስት በልኩ ይይዛል፣ በጊዜው ይለቅቃል። የመኪና ጭስ ማጽጃ በእርሳስ የሚበላሸውም በዚህ ሕግ ነው። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ መኪኖች ላይ የተገጠመው ማጽጃ የፕላቲነምና የመሰሎቹ ብረቶች ስስ ሽፋን ያለው ሲሆን መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ አልነሳ ስላለ፣ ማጽጃው እንዲሠራ ቤንዚኑ ከእርሳስ መጽዳት ነበረበት። በዓለም የመጨረሻው ባለ እርሳስ የመኪና ቤንዚን ሽያጭ የቆመው በአልጄሪያ በ2021 ነው።

የምርጫውን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ጋዞችን ውሰዱ። ኒኬል ላይ ካሳለፋችኋቸው ሚቴን ይሆናሉ። መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ሜታኖል የተባለውን አልኮል ይሰጣሉ። ብረት ወይም ኮባልት ላይ ደግሞ እንደ ናፍጣና ሰም ያሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ይሆናሉ። መነሻው አንድ ነው፤ ሦስቱም መድረሻዎች በሕጉ የተፈቀዱ ናቸው። የትኛው ላይ እንደሚደረስ የወሰነው የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደተከፈተ ነው።

ብቅል

ከፕላቲነም ወደ ገብስ ልለፍ። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ገብሱን ይዘፈዝፋሉ፤ በቅጠል ሸፍነው ያበቅላሉ፤ ሲያቆጠቁጥ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከዚያም ይፈጫል። ብቅል ይህ ነው። በሌላ በኩል ዱቄት በውሃ ተለውሶ በምጣድ ይታመስና እንኩሮ ይሆናል፤ ወይም ኪታ ተጋግሮ ይቆረሳል። ብቅሉ ከጌሾው ጋር ተጠንስሶ ከእንኩሮው ጋር በጋን ውስጥ ይገናኛል። አንዱ እህል እሳት አይቶ፣ ሌላው ሳያይ የሚገናኙት ለምንድን ነው?

ገብስ ስንቁን የሚያስቀምጠው በስታርች መልክ ነው። ስታርች በሺዎች የሚቆጠሩ የስኳር ክፍሎች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ሰንሰለቱን መብላት አይችልም፤ የሚበላው የተፈታውን ስኳር ነው። ዘሩ ሲበቅል ግን ቡቃያው ስንቁን መፍታት ስላለበት አሚሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል። ጠማቂዋ ቡቃያው ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ በፀሐይ አድርቃ ታቆመዋለች፤ ኢንዛይሙ በደረቀው ብቅል ውስጥ ሳይጎዳ ይቆያል። እንኩሮውና ኪታው ደግሞ በሙቀትና በውሃ ስታርቻቸው አብጦ ተከፍቷል፤ ለኢንዛይም ይመቻል፤ የራሳቸው ኢንዛይም ግን በምጣዱ ሙቀት ሞቷል። ስለዚህ አንዱ የሚፈታውን ነገር፣ ሌላው ፈቺውን ይዞ ይመጣል። ብቅሉም እንደ እንኩሮው በእሳት ቢታመስ ኖሮ ጋኑ ውስጥ ፈቺ አይኖርም ነበር። ይህ ጥበብ የተገኘው ኢንዛይም የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ብዙ ዘመን በፊት ነው።

በቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ኢንዛይም ተለይቶ የወጣውም ከዚሁ ከብቅል መሆኑ አያስገርምም። በ1833 በፓሪስ፣ የስኳር ፋብሪካ ያስተዳድር የነበረው አንሰልም ፓየንና ባልደረባው ዣን ፍራንስዋ ፐርሶ ከብቅል ውሃ ውስጥ በአልኮል ነጭ ዱቄት አዘቀጡ። ዱቄቱ ከራሱ ክብደት 2,000 እጥፍ የሚሆን ስታርች ማሟሟት እንደሚችል ዘገቡ፤ ሲፈላ ደግሞ ችሎታውን ያጣል። ዲያስቴዝ አሉት። በርሴሊየስ ከሁለት ዓመት በኋላ ካታሊስቶችን ሲዘረዝር ፕላቲነምንና የብቅሉን ዱቄት በአንድ ወገን ማሰለፉ ታላቅ ማስተዋል ነበር፤ ማዕድንና ሕያው ነገር በአንድ ሕግ ይሠራሉ ማለቱ ነውና።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። ሉዊ ፓስተር ስኳር ወደ አልኮል የሚለወጠው ሕያው እርሾ ባለበት ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1897 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሕዋስ የሌለበትን ጭማቂ ስኳር ውስጥ ጨመረው። ፈላ፤ አልኮልም ሆነ። በ1907 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ኢንዛይም ራሱ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር፣ በወጣትነቱ በአደን አደጋ አንድ እጁን ያጣ ሰው፣ በ1926 ከባቄላ ዘመድ ዘር ዩሪዬዝ የተባለውን ኢንዛይም በክሪስታል መልክ አውጥቶ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ኬሚስቶች ለዓመታት ተከራከሩት፤ በ1946 ግን የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዛሬ ከፕሮቲን ሌላ አንዳንድ አርኤንኤዎችም እንደ ኢንዛይም እንደሚሠሩ እናውቃለን።

ጉድጓዷ

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ረጅም ክር ነው፤ ተጠቅልሎም የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ቅርጽ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 ሞለኪውሉ ወደ ጉድጓዷ የሚገባው ቁልፍ ወደ ቁልፍ ቤት እንደሚገባ ነው ብሎ ነበር። ይህ ኢንዛይም ለምን አንዱን ሞለኪውል ተቀብሎ ሌላውን እንደማይቀበል ያስረዳል፤ ለምን እንደሚያፋጥን ግን አያስረዳም። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ የጎደለውን ሞላ። ጉድጓዷ ከሁሉ በላይ የምትገጥመው ለገባው ሞለኪውል አይደለም፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ለሚደርሰው፣ ግማሹ ለተፈታው፣ ግማሹ ለታሰረው ቅርጽ ነው። ያንን የማይረጋ ቅርጽ ደግፋ ስለምትይዘው ዳገቱ ያንሳል።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። ሥጋችን የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው በደም ውስጥ የሚጓዘው ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ ነው፤ ሳንባ ሲደርስ መመለስ አለበት። ይህ ለውጥ ብቻውን ከሆነ ብዙ ሰኮንዶች ይፈልጋል። ደም ግን በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም፣ በጉድጓዱ ውስጥ አንድ የዚንክ አቶም ይዞ፣ እያንዳንዱ ሞለኪውሉ በሰኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይህን ለውጥ ያካሂዳል። በሕብረ ሕዋስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሳንባ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሠራል፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የጋዙ መጠን ነው እንጂ ኢንዛይሙ አይደለም። ሌላም አለ። በ1995 አና ራድዚካና ሪቻርድ ወልፈንደን የተባሉ ተመራማሪዎች የዲኤንኤንና የአርኤንኤን አካላት በመሥራት ሂደት ውስጥ ያለን አንድ ለውጥ መርምረው፣ ያለ ኢንዛይም ግማሹ እስኪለወጥ 78 ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅ አሳዩ። በኢንዛይሙ ግን የሰኮንድ ቅንጣት ይበቃዋል። «ይቻላል» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

ኢንዛይም ወሰን አለው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ብርጭቆ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አስቀምጫለሁ። በአንዱ ጥሬ ድንች፣ በሌላው የተቀቀለ ድንች ልጨምር። እንደምታዩት ጥሬው አረፋ ደፈቀ፤ የተቀቀለው ዝም አለ። በድንቹም፣ በደማችንም ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፐሮክሳይዱን በትኖ ኦክስጅን ለቀቀ፤ በመቀቀል ግን የፕሮቲኑ ክር ተፈትቶ ጉድጓዷ ጠፋች። የአሲድ መጠን መለወጥም እንዲሁ ያደርጋል። ሦስተኛው ወሰን ብዛት ነው። በ1913 ሊዮኖር ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን እንዳሳዩት፣ የሚለወጠው ነገር እየበዛ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምርና አንድ ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ ጉድጓዶቹ ሁሉ ተይዘዋልና።

ኢንዛይም ሲጎድል፣ ኢንዛይም ሲታገድ

ይህ እውቀት ጤና ጣቢያ ድረስ ይመጣል። በአገራችን ካለው ወባ ቀላል የማይባለው ድርሻ የቫይቫክስ ዓይነት ነው፤ ጥገኛው በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የተደበቀውን ለመግደል የሚሰጠው መድኃኒት ፕሪማኪን ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በትውልድ ይጎድላቸዋል፤ በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህ ኢንዛይም ቀይ የደም ሕዋስ ራሱን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከልበትን አቅም የሚያድስ ነው። ለጎደለው ሰው ፕሪማኪን ሲሰጠው ደሙ ሊፈርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የኢንዛይሙ ምርመራ እንዲደረግ የሚመክረው ለዚህ ነው። ባለሙያው «መጀመሪያ ደም እንመርምር» ቢላችሁ አታጉረምርሙ።

ማገድም አለ። ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ የመሳሰሉ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች የሚገድሉት አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን የነርቭ ኢንዛይም ጉድጓድ ዘግተው ነው። ኢንዛይሙ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ያስተላለፈበትን ኬሚካል ወዲያው የሚያጠራ ነው፤ ሲታገድ መልእክቱ አይቆምም፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ መተንፈስ ያቅታል። ተባዩና ሰው የሚጋሩት ኢንዛይም በመሆኑ፣ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ የሚረጭ ገበሬ ራሱንም እየረጨ ነው። በዚያው አሠራር ግን ብዙ መድኃኒት ተሠርቷል፤ አስፕሪን ሕመምን የሚያስታግሠው፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ቫይረሱን የሚገቱት ኢንዛይም አግደው ነው።

ከአየር ማዳበሪያ

ፍጥነትና ሕግ ፊት ለፊት የተጋጠሙበት ታላቁ ታሪክ የማዳበሪያ ታሪክ ነው። አየር አራት አምስተኛው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ሰብል በናይትሮጅን እጦት ይቀጭጫል፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ስለተቆላለፉ ለመለያየት በአንድ ሞል 945 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃሉ። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋሕደው አሞኒያ መሆናቸው ሙቀት የሚለቅ፣ የሚቻል ለውጥ ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ለማፍጠን ብናሞቀው ለውጡ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የአሞኒያው ድርሻ ያንሳል። ቢቀዘቅዝ ደግሞ ዘመን ይፈጃል። ከወጥመዱ ያለ ካታሊስት መውጣት አይቻልም ነበር።

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትስ ሃበር በ1909 በካርልስሩኸ ከተማ በኦስሚየም ካታሊስትና በከፍተኛ ግፊት አሞኒያ ሲንጠባጠብ አሳየ። ኦስሚየም ግን በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው። ባስፍ የተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ባልደረባ ካርል ቦሽ የሃበርን ዘዴ ወደ ፋብሪካ የማሸጋገሩን ኃላፊነት ተቀብሎ ግፊቱን የሚችል የብረት ዕቃ ሲሠራ፣ ባልደረባው አልቪን ሚታሽ በሺህ የሚቆጠሩ ድብልቆችን እያፈራረቀ ሞከረ። የተሳካለት ተራ ብረት ነበር፤ ጥቂት አሉሚና እና ፖታሲየም የተቀላቀለበት። በ1913 በጀርመን ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ያው ፋብሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ ግብዓት ማቅረቡም መረሳት የለበትም። የብረቱ ገጽ ናይትሮጅንን እንዴት እንደሚሰነጥቅ ደረጃ በደረጃ የተገለጠው በገርሃርድ ኤርትል ሥራ ነው፤ እሱም በ2007 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬም ሂደቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ በላይ ከባቢ አየር ግፊት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ኃይል የዓለምን ፍጆታ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይደርሳል። ገበሬዎቻችን በክረምት የሚጠባበቁት ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያ ነው።

በዚያው ማሳ ዳር ባቄላ ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩ ትናንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ። በውስጣቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ባክቴሪያዎቹም ናይትሮጅኔዝ የተባለ ብረትና ሞሊብዲነም ያለበት ኢንዛይም አላቸው። ፋብሪካው በ450 ዲግሪ የሚሠራውን በአፈሩ ሙቀትና በተራ ግፊት ይሠራሉ። በነጻ ግን አይደለም። ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ኤቲፒ የተባሉ 16 ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውሎች ይወጣሉ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ባቄላው በቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር ነው። ገበሬው ከስንዴ በኋላ ባቄላ ወይም ሽምብራ የሚዘራው መሬቱ እንደሚታደስ በልምድ ስለሚያውቅ ነው። ኬሚስቶች ደግሞ የናይትሮጅኔዝን ዘዴ ለመቅዳት እስከ ዛሬ ይደክማሉ።

ምርጫው የተበላሸ እንደሆነ

ካታሊስት መልካምን ብቻ አያፋጥንም። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች፣ ከፍሪጅና ከሚረጩ ቆርቆሮዎች የሚወጡ ጋዞች ወደ ላይኛው አየር ወጥተው በፀሐይ ጨረር ክሎሪን እንደሚለቁ አስጠነቀቁ። አንድ የክሎሪን አቶም የኦዞን ሞለኪውል ያፈርስና ከጥቂት እርምጃ በኋላ እንደ ገና ነጻ ይወጣል፤ በዚህ አኳኋን ከአየሩ ከመወገዱ በፊት እስከ 100,000 የኦዞን ሞለኪውል ሊያጠፋ ይችላል። ጥቂቱ ለብዙ ይበቃል ያልነው እዚህ ጋ ወደ ጥፋት ተገለበጠ። በ1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት እነዚህን ጋዞች ከገበያ ለማስወጣት የተቻለው፣ ዓለም የአንዲት አቶም ተመላላሽነት ምን እንደሚያስከትል ስለገባው ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ስለ ካታሊስት የሚነገር ነገር ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ለውጡ መጀመሪያውኑ የሚቻል ነው ወይ? «በውሃ ብቻ የሚሄድ መኪና ሠራሁ፤ ምስጢሩ ልዩ ካታሊስት ነው» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ ውሃ የተቃጠለ ሃይድሮጅን መሆኑን አስታውሱት። ቁልቁለቱን ወርዶ የጨረሰ ነው። በኤሌክትሪክ መልሶ መሰንጠቅ ይቻላል፤ ጥሩ ካታሊስትም የሚባክነውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩን ግን አይተካም። ሁለተኛ፣ ካታሊስቱን የሚያግደው ምንድን ነው? ሙቀት ነው፣ አሲድ ነው፣ እርሳስ ነው፣ ወይስ ጉድጓዱን የሚዘጋ መርዝ? ሦስተኛ፣ ከሚቻሉት ብዙ ነገሮች መካከል የሚያፋጥነው የትኛውን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጣለሁ። የኃይል ሕግ የተፈቀደውን ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ረጅም ነው፤ ከዚያ ውስጥ የእኛ መቃጠልና መበስበስም አለ። በሕይወት ያለነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢንዛይሞች ከዝርዝሩ የሚያስፈልገንን አፍጥነው ሌላው ወደ ኋላ እንዲቀር ስለሚያደርጉ ነው። የኬሚስትም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሕግ አያወጣም፣ ሕግ አይሽርም፤ ከተፈቀደው ውስጥ የቱ በእኛ ዕድሜ እንደሚሆን ይወስናል። ለዚህ ውሳኔ ተጠያቂነቱም የእሱ ነው።